ቀሐ ኢየሱስ አካባቢ የድንጋይና የጭቃ ቤት ልንገዛ ነው፤ ሥራውን ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ መምህርት ከቀሐ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ቤት ስንዘዋወር ከቆየን በኋላ፣ በዚህ ጥር ወር ጎንደር ውስጥ ቀሐ ኢየሱስ አካባቢ የሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ለመግዛት ከባለቤቶቹ ጋር በዋጋ ተስማምተናል። ቀብድ ገና አልከፈልንም። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች ግድግዳቸው ከአንድ ክንድ በላይ የሚወፍር የድንጋይና የጭቃ ግንብ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ቆየት ብለው የተቀጠሉ ሁለት የእንጨትና የጭቃ ክፍሎችና ማድ ቤት አሉ። ጣራው በሙሉ የዛገ ቆርቆሮ ነው። የግንቡ ውጫዊ ገጽ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ የተለሰነ ሲሆን፣ ከውስጥ በኩል ግን ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እየተላጠ ይረግፋል። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ መሐሉ ላይ ሆድ ያወጣ ይመስላል።

ባለቤቴ አሮጌውን ልስን አርግፈን በአዲስ ሲሚንቶ እንለስነው የሚል አሳብ አለው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደጉ በመሆናቸው፣ «ግድግዳው ላቡን የሚያወጣበት ካጣ ከውስጡ ይበሰብሳል፤ ሲሚንቶውን ተዉት» እያሉ አጥብቀው ይቃወማሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። ሻጮቹ ቤቱን ከአባታቸው የወረሱ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ሲሆኑ አንደኛው የሚኖረው በውጭ አገር ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የትኛውን ሥራ ማስቀደም እንዳለብን፣ በወረቀቱ በኩል ምን ማጣራት እንደሚገባን፣ ደግሞም ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዘን እዚያው እየኖርን ማሳደስ ይቻል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ግንበኛ ከአዘዞ

ልጄ፣ አማትሽ የተናገሩት እውነት ነው፤ ባለቤትሽም ቢሆን ክፉ አላሰበም፣ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው ያሰበው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስሠራ በጎንደር አሮጌ ቤቶች ላይ ያየሁት ትልቁ ጉዳት ከእርጅና የመጣ አይደለም። የጭቃን ግንብ በሲሚንቶ በመሸፈን የመጣ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የአንቺ ግድግዳ ድንጋዮቹን የያዛቸው ጭቃ ነው። ጭቃ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በበጋ በገጹ በኩል መልሶ ያወጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይረጥባል፣ በየዓመቱም ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ድፍን ነው። በላዩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ስትፈጠር የዝናብ ውኃ በእርሷ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን በዚያው መንገድ በቶሎ ደርቆ አይወጣም። ውጭው ተዘግቶበታልና ወደ ውስጥ ይመጣል፤ ቀለምሽን ከጉልበት በታች የሚልጠው ይህ ነው። ጭቃው ለረጅም ጊዜ እንደረጠበ ሲቆይ የመሸከም ኃይሉን ያጣል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ግድግዳውም ሆድ ያወጣል። ከውጭ ሲያዩት ልስኑ ደኅና ስለሚመስል ባለቤቱ የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የነገሥታቱ ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ ኋላ በዩኔስኮ እገዛ በተካሄደው ጥገና ግን ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበ ግንብ ያልበጀ ነገር ለአንቺ የጭቃ ግንብ አይበጅም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከመግዛትሽ በፊት የባለቤቶቹን ፈቃድ ጠይቀሽ በመዶሻ እጀታ ልስኑን ከታች እስከ ላይ አንኳኪው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከግንቡ የተለቀቀበት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለውን፣ ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሚሆን አስፈልፍለሽ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ በእጅሽ ንኪው። አሁን ጥር ነው፤ ዝናቡ ካባራ ወራት አልፈዋል። ጭቃው ዛሬም እርጥብ ከሆነ ውኃው ከሰማይ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከመሬት ወይም ከጎረቤትም የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ በልስን የሚድን በሽታ አይደለም ማለት ነው።

ከተማችን ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከላይ በኩል ካለው ግቢ የሚወርደው ውኃና አፈር ከቤቱ ጀርባ እየተከመረ በብዙ አሮጌ ቤቶች የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ሆኖ ይገኛል። የአንቺንም ለኪው። እንደዚያ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ አፈሩን ዝቅ ማድረግና ውኃውን ከግድግዳው አርቆ የሚወስድ ቦይ መሥራት ነው። ይሁን እንጂ ከመሠረቱ በታች እንዳይቆፈር ተጠንቀቂ፤ የግድግዳውንም ርዝመት በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር እንዳታስገልጪው። ሁለት ሜትር እየተቆፈረ፣ እየታየና እየተስተካከለ ይሄዳል።

ከቦዩ ጋር እኩል የሚታየው ጣራው ነው። ቆርቆሮ ስትገዢ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አትርሺ፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይሻላል፣ ዋጋውም እንዲሁ ይጨምራል። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲያልፍ አናጺውን አሳስቢው፣ አሸንዳም ይኑረው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በልስንና በቀለም ጨርሶ አሸንዳውን «ኋላ» ይላል፤ ያ «ኋላ» ሳይደርስ ሐምሌ ይገባል።

ልስኑን በተመለከተ የእኔ አሳብ ይህ ነው። አሁን ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ያለውን ሲሚንቶ ብቻ አንሺና ግድግዳው እስከ መጋቢት መጨረሻ ተገልጦ ይድረቅ። ከዚያ የለቀቀው መጋጠሚያ በጭቃና በጠጠር ድንጋይ ይሞላ፤ ጭቃው የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎበት፣ ውኃ እየጠጣና በእግር እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት መሰንበት አለበት። በላዩ ላይ በአንድ እጅ ኖራና በሦስት እጅ አሸዋ ስስ ልስን ይደረጋል። ጥሬ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ውኃ ተጨምሮበት እየፈላ እንዳይበርድ፣ ሌላ ቦታ በርዶ ሳምንታት ውኃ ውስጥ የቆየውን ብትጠቀሚ ይመረጣል። ኖራው የሚጠነክረው በአየር ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ፀሐይ በቶሎ እንዳታደርቀው እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት። ከአንድ ሜትር በላይ ያለውን ለሚመጣው ጥቅምት ተዪው። አንድ ክረምት ከቤቱ ጋር አሳልፊና ውኃው በየት እንደሚመጣ በዓይንሽ እዪው፤ ያን ጊዜ የምታወጪው ገንዘብ በቦታው ይውላል።

ሆድ ስላወጣው ግድግዳ ሳላይ አልፈርድም። በቱምቢ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ፣ ለክተሽ ስንት ጣት እንደወጣ ንገሪኝ። ለኋላ ክፍሎቹ ደግሞ በየምሰሶውና በየቋሚው ሥር ቢላ ሰክተሽ እዪ፤ ቢላው ያለ ችግር ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። የተበላው ተቆርጦ በሥሩ የድንጋይ መሠረት ይደረግለታል እንጂ አዲስ እንጨት መልሶ አፈር ውስጥ መትከል ለምስጡ ድግስ ማዘጋጀት ነው። ሲሚንቶ ቤትሽ ውስጥ ቦታ የለውም እያልሁሽ አይደለም፤ ለመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ለመጸዳጃ ጉድጓድና ለቦዩ ተጠቀሚበት።

መልስ፦ ጠበቃ ከአራዳ

እኅቴ፣ ቀብድ አለመክፈልዎ መልካም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳያጣሩ ገንዘብ እንዳይሰጡ እመክራለሁ።

አንደኛ ነገር፣ አራቱም ወራሾች በፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል፤ በውጭ የሚኖረው ወንድም ካልመጣ በግልጽ «ቤት ለመሸጥ» የሚል ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲያችን በኩል ተረጋግጦ መምጣት አለበት። «ታላቃቸው ይፈርማል፣ ሌሎቹ ተስማምተዋል» የሚለውን ቃል፣ የተናገረው ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ አይቀበሉ። ከአራቱ አንዱ ሳይፈርም በተደረገ ሽያጭ የተነሳ ለዓመታት በፍርድ ቤት የተንከራተተ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ቤቱን አድሰው ከጨረሱ በኋላ ነበር ክሱ የመጣባቸው።

ውሉን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ለሰላም ይጠቅማል፤ ይህን ግን አይተካም።

በአሮጌ ሰፈር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በብዙ ግቢዎች ውስጥ ባለቤቱ ከሚኖርበት ቤት ውጭ ያሉት ክፍሎች ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሆነዋል። ዛሬ ግቢው አንድ መስሎ ቢታይም ከኋላ ያለው ክፍል ወይም ማድ ቤቱ በቀበሌ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ላይ የተመለከተውን ስፋትና ቅርጽ ይዘው ግቢውን በሜትር ይለኩ፤ እያንዳንዱ ክፍል በካርታው ውስጥ መውደቁን ያረጋግጡ፤ በቀበሌውም ይጠይቁ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃም ያስፈልጋል።

መሬቱን በሚመለከት፣ የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ውጭ የተያዘ የቆየ ቦታ) ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ፣ እንዲይዝ ደንግጎ ነበር፤ ይህ በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ሊያስከትል ስለሚችል ስም ሲዛወር የሚመጣብዎትን ክፍያ በይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያስሰሉ፤ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ውስጥ ይጻፉት። የግድግዳ ማፍረስና የጣራ ቅየራ ሥራም ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር።

መልስ፦ የሳሙና በር እናት

እታለም፣ የኑሮውን ነገር ማንም ስላላነሳው እኔ ልጻፍልሽ። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ቤት ገዝተን፣ ሁለት ልጆችና እናቴን ይዘን፣ ኪራይና እድሳት በአንድ ላይ መክፈል ስላልቻልን እዚያው እየኖርን አሳድሰናል። ይቻላል። የሚቻለው ግን አንድ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ካለቀ ነው፤ ጣራው፣ ኮርኒሱ፣ ወለሉ፣ በሩ። እኛ «ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እየነካን እንሄዳለን» ብለን ስለጀመርን አራት ወር ሙሉ አቧራ ያልገባበት ጥግ አልነበረንም፤ ትንሹ ልጄም ሳል ያዘው። በኋላ ነው ሥራውን አቁመን አንዱን ክፍል ጨርሰን፣ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቅለን እዚያ የተሰበሰብነው። ልስን በሚረገፍባቸው ቀናት ልጆቹን ዘመድ ቤት ውሰጃቸው።

ከገንዘብ ይልቅ ያስቸገረን ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ጭቃ ለማቡካት፣ ልስን ለማርጠብና ኖራ ለማብረድ የሚሄደው ውኃ ደግሞ ከልብስና ከወጥ ውኃ ጋር ይሻማል። ፈረቃችን የሚደርስበትን ቀን ጠብቀን ጭቃ የሚቦካበትን ቀን መወሰን እስክንለምድ ድረስ ሠራተኞች ቀን ሙሉ ተቀምጠው የዋሉባቸውና አበል የከፈልንባቸው ቀናት ነበሩ። ለሥራው ብቻ የሚሆኑ ሁለት በርሜሎች ለዪ፤ ከመጠጥ ውኃው ጋር እንዳይቀላቀል።

ጋሼ ግንበኛው ስለ አሸንዳ የተናገሩትን እኔም እደግመዋለሁ፤ እኔን ያሳመነኝ ግን ሒሳቡ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጣራሽ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እስከ 1,200 ሊትር ድረስ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ በግድግዳሽ ሥር ይጠጣል፤ አሸንዳ ካለ ለልብስና ለጽዳት ይሆናል። ሮቶ ስታስቀምጪ ግን አደራ፣ በአሮጌው ግድግዳ ላይ ወይም በእርሱ ላይ በተደገፈ እንጨት ላይ እንዳይሆን፤ 2,000 ሊትር ሲሞላ 20 ኩንታል ነው። ራሱን የቻለ የድንጋይ መቀመጫ ከግድግዳው አርቀሽ አሠሪለት።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ግድግዳ ከሚያዋስኑሽ ጎረቤቶች ጋር ቡና ጠጪ። መዶሻው የእነርሱንም ቤት ያንቀጠቅጣል፤ ቦይሽም ወደየት እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋሉ። የእኛ የላይኛው ጎረቤት ውኃቸውን ከግቢያችን ያዞሩልን በፍርድ ቤት አይደለም፤ መጥተው እርጥቡን ግድግዳ በእጃቸው ስለነኩት ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

አጭር ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። በአሮጌ ቤቶች ገመዱ በግድግዳው ላይ ወይም በኮርኒሱ ውስጥ ተዘርግቶ ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ብዙዎቹም የመሬት መስመር (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ) የላቸውም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት እጅግ አደገኛ ነው፤ በተለይ የምጣድ መስመር ለብቻው ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ይፈልጋል። ቆርቆሮው ሲነሳ ገመዱ ስለሚገለጥ የመቀየሪያው ጊዜ ያኔ ነው። የቆጣሪውን ያልተከፈለ ሒሳብም ከስም ዝውውሩ በፊት ጠይቁ።

ጠያቂ፦ መምህርት ከቀሐ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለባለቤቴና ለአማቴ ማታ ማታ እያነበብሁላቸው ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ያገኘነውን ልንገራችሁ።

ካርታውን ይዘን ግቢውን ስንለካ ከኋላ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱ በካርታው ውስጥ የለም። በቀበሌ ስንጠይቅም በእነርሱ መዝገብ ላይ ያለ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ሻጮቹ ራሳቸው ልጆች ሳሉ የሆነ ነገር ስለነበር በቅንነት ደነገጡ፤ ዋጋውንም ቀንሰውልናል። ከውጭ ያለው ወንድማቸው ውክልናውን እስኪልክ ድረስ ቀብድ ላለመክፈል ተስማምተናል።

ልስኑን በሁለት ስንዝር ስናስፈለፍል ጭቃው እርጥብ ነበር፤ ባለቤቴ በጣቱ ሲነካው ተጣበቀበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አዲስ ሲሚንቶ አላነሳም። የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል በሁለት ስንዝር ይበልጣል። ጋሼ፣ ግድግዳውን በቱምቢ ስንለካው አራት ጣት ያህል ወጥቷል፤ ከላይ በኩልም ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ የቆየ ይሁን ወይም አሁንም እየሰፋ ያለ መለየት አልቻልንም።

መልስ፦ ግንበኛ ከአዘዞ

ልጄ፣ ልክ ጠይቀሻል፤ ዋናው ነገር መውጣቱ ሳይሆን እየሄደ መሆን አለመሆኑ ነው። ትንሽ ጀሶ በውኃ ለውሰሽ በስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ እንደ ፕላስተር በአግድም ለጥፊበትና በየአንዳንዱ ላይ የለጠፍሽበትን ቀን ጻፊበት። ጀሶ አይሳብም፤ ግድግዳው በጥቂቱም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ እዪው። እስከ መጋቢት አጋማሽ ሳይሰነጠቅ ከቆየ ግድግዳው ቆሟል ማለት ነውና አፈሩን ዝቅ አድርገሽ በማድረቅ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ከተሰነጠቀ ግን ጣራው በእንጨት ድጋፍ ተይዞ የወጣው ክፍል ይፈርስና የግድግዳውን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር በሚያልፉ ማሰሪያ ድንጋዮች እንደገና ይገነባል፤ ይህም ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት፣ በዋጋውም ላይ ከሻጮቹ ጋር እንደገና መነጋገሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚያ ግድግዳ በኩል አፈር አይቆፈር፤ ብትገቡም ልጆቹ በዚያ ክፍል አይተኙ።